ፌስታል፦ ከገበያ እስከ ከብት ጨጓራ

ሽንኩርት ወይም ቲማቲም የተቋጠረበት ፌስታል የሚያገለግለው ከገበያ እስከ ቤት ባለው መንገድ ነው። ከተጣለ በኋላ ግን በቀላሉ አይበሰብስም። በበጋ ነፋስ ከአጥር ወደ አጥር ያንከራትተዋል፤ በክረምት ደግሞ ጎርፍ ከከተማ ቦይ ጠርጎ ወደ ወንዝ፣ ወደ ማሳና ወደ ግጦሽ መሬት ያደርሰዋል። ፌስታል የከተማ ቆሻሻ ቢመስልም ከባዱን ዕዳ የሚከፍለው ብዙ ጊዜ አርሶ አደሩ ነው።

በከብትና በአፈር ላይ የሚደርሰው ጉዳት

ከብቶች ፌስታል የሚበሉት ያለ ምክንያት አይደለም። የጨውና የምግብ ሽታ ስለሚይዝ ይስባቸዋል። በበጋ መኖ ሲያጥር ወይም በመኖው ውስጥ ማዕድን ሲጎድል፣ ከብት ባዕድ ነገር የመብላት ልማዱ ይብሳል። የተዋጠው ፌስታል አይፈጭም፤ በጨጓራ ውስጥ እየተጠላለፈ ቋጠሮ ይሠራል፤ የመኖውንም ቦታ ይይዛል።

ምልክቶቹ ቀስ ብለው የሚታዩ በመሆናቸው ከሌላ በሽታ ጋር ሊምታቱ ይችላሉ። ከብቱ የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል፤ ማመስኳቱ ይደክማል፤ ሆዱ ደጋግሞ ይነፋል፤ ይከሳል፤ የምትታለብ ላም ከሆነች ወተቷ ይጎድላል። የተጠራቀመው ፌስታል በመድኃኒት አይሟሟም። ማውጣት የሚቻለው የእንስሳት ሐኪም ጨጓራውን በቀዶ ሕክምና ሲከፍት ነው። ይህ አገልግሎት በማይገኝበት ቀበሌ አንድ ቤተሰብ በሬውን ወይም የምትታለብ ላሙን ሊያጣ ይችላል።

በማሳ ውስጥ የተቀበረ ፌስታልም የዝናብ ውኃ ወደ አፈር እንዳይሰርግ፣ የሰብል ሥርም እንደ ልቡ እንዳይሰድ ያግዳል። ማቃጠል መፍትሔ አይሆንም፤ ጭሱ ለመተንፈሻ አካል ጎጂ ነው። ከሰል ለማቀጣጠል ፌስታል መጠቀምም እንዲሁ መቅረት ያለበት ልማድ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ኢትዮጵያ ፌስታልን በሕግ መቆጣጠር የጀመረችው በ1999 ዓ.ም. በወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ነው። አዋጁ ውፍረታቸው 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆኑ፣ የማይበሰብሱ የፕላስቲክ ከረጢቶችን ለማምረትም ሆነ ከውጭ ለማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ከልክሏል። ይሁን እንጂ በገበያ መካከል የአንድን ፌስታል ውፍረት በዓይን መለየት አይቻልም። ስሱ ፌስታልም ከገበያ ሳይጠፋ ዓመታት አልፈዋል።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ያጸደቀው አዲስ አዋጅ በውፍረት መለየቱን ትቶ ፌስታልን በጥቅሉ የሚከለክል ነው። ክልከላው አምራችና አስመጪን ብቻ ሳይሆን ሻጭንና ተጠቃሚንም ይመለከታል። ፌስታል ሲጠቀም የተገኘ ግለሰብ ከ2 ሺህ እስከ 5 ሺህ ብር ይቀጣል። በምሥራቅ አፍሪካ ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ኬንያ ደግሞ በ2017 ተመሳሳይ እገዳ ጥለዋል። የኬንያው ሕግ እስከ 4 ዓመት እስራት ወይም እስከ 4 ሚሊዮን ሽልንግ የሚደርስ ቅጣት አለው።

ደጋግሞ መጠቀም

እገዳው የሚሠራው በፌስታሉ ምትክ የሚያዝ ዕቃ ሲኖር ነው። ከሰሌን የተሠራ ዘንቢል፣ ጆንያና የጨርቅ ከረጢት ለገበያተኛው አዲስ አይደሉም። ዋናው ነገር አንዱን ዕቃ ደጋግሞ መያዝ ነው። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ የጥጥ ከረጢት በአየር ንብረት ላይ ያለው ጫና አንዴ ብቻ ከሚያገለግል ፌስታል እንዲያንስ ከ131 ጊዜ በላይ መያዝ አለበት። በሳምንት አንድ ቀን ገበያ ለሚወጣ ሰው ይህ ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ማለት ነው።

በገጠር ለሚገኙ ሌሎች ፕላስቲኮችም አያያዙ እንደ ዓይነታቸው ይለያያል፦

• እህል ከነቀዝ የሚጠበቅበት ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ውስጡ ካልተቀደደ ለሁለትና ለሦስት የምርት ዘመን ያገለግላል። ዳግም ከመሞላቱ በፊት የውስጡን ሽፋን በአየር ነፍቶ ቀዳዳ እንደሌለው ማረጋገጥ ይገባል።

• ችግኝ ሲተከል የፈላበት ፕላስቲክ ተቀዶ መውጣት አለበት፤ ካልወጣ ሥሩን ያጣምማል። የወጣውም በጉድጓዱ አጠገብ ሳይጣል ተሰብስቦ መመለስ ይኖርበታል።

• የፀረ ተባይ ወይም የፀረ አረም ዕቃ ግን ምንም ቢታጠብ ለውኃ፣ ለዘይትም ሆነ ለወተት ማስቀመጫ አይሆንም። ሦስት ጊዜ ታጥቦ እጣቢው ወደ መርጫው ይገለበጣል፤ ዕቃውም ዳግም እንዳያገለግል ይበሳል።

ከክረምት በፊት

አዋጁ ከአሁን በኋላ የሚመረተውን ፌስታል ሊያስቆም ይችላል። ከዚህ ቀደም ተጥሎ በየቦዩና በየግጦሹ የተበተነውን ግን ሰው ካልለቀመው በስተቀር የሚያነሣው የለም። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ጊዜ ዝናቡ ከመጀመሩ በፊት ያለው ወቅት ነው። የከተማ ነዋሪ ቦዩን ቢያጸዳ የታችኛው ተፋሰስ አርሶ አደር ማሳ ይተርፋል። አርሶ አደሩም ከብቱን ወደ ግጦሽ ከማሰማራቱ በፊት መስኩን ቢለቅምና ለከብቱ ጨው ባያጓድል፣ በሐኪም ቢላዋ ካልሆነ የማይወጣውን ጉዳት አስቀድሞ ይከላከላል።