ጉድለት መሙያ ኮድ
ኢሬዠር ኮዲንግ ማለት አንድ ፋይል ተቆራርጦ በተለያዩ ዲስኮች ላይ ሲቀመጥ፣ ከቁራጮቹ የተወሰኑት ቢጠፉ እንኳ በቀሩት ተመልሶ እንዲሟላ የሚያስችል የሒሳብ ዘዴ ነው። በአማርኛ «ጉድለት መሙያ ኮድ» ቢባል ሥራውን ይገልጻል። «የማጥፊያ ኮድ» ማለት ግን ዳታ የሚደመስስ ነገር ያስመስለዋልና ባይለመድ ይሻላል።

መሠረቱ ቀላል ነው። በአንድ ዲስክ ላይ 7፣ በሌላው 5፣ በሦስተኛው ደግሞ ድምራቸው 12 ተጽፏል እንበል። 5ን የያዘው ዲስክ ሲበላሽ ከ12 ላይ 7 ተቀንሶ የጠፋው ይገኛል፤ 7ም ቢጠፋ እንዲሁ። ሦስተኛው ዲስክ ለሁለቱም ዋስ ሆነ ማለት ነው። ኧርቪንግ ሪድና ጉስታቭ ሰለሞን እ.ኤ.አ. በ1960 ያሳተሙት ስሌት ከአንድ በላይ ቁራጭ ሲጠፋም መሙላት ያስችላል። የተጫረ ሲዲ ሙዚቃውን ሳያቋርጥ የሚያሰማው በዚሁ ስሌት ነው።

ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው በትልልቅ የምርምር ተቋማት የጋራ ማከማቻ ነው። በጄኔቫ አቅራቢያ የሚገኘው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት፣ ሰርን፣ የዲስክ ማከማቻው 1 ኤግዛባይት ማለትም 1 ሚሊዮን ቴራባይት ማለፉን እ.ኤ.አ. በ2023 አስታውቋል። በወቅቱ ይህን ይሸከሙ የነበሩት 111,000 ያህል መሣሪያዎች ሲሆኑ አብዛኞቹ ሃርድ ዲስኮች ነበሩ። ይህን ያህል ዲስክ ባለበት ቦታ ብልሽት የዘወትር ጉዳይ ነው፤ አገልግሎቱም ከመነሻው ይህ ታስቦ ይሠራል።

ፋይሉን ሁሉ በሁለት ቅጂ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ነገር ግን የሚፈጀው ቦታ እጥፍ ነው፤ ሁለቱን ቅጂዎች የያዙት ዲስኮች አንድ ላይ ከተበላሹም ፋይሉ አይገኝም። ሰርን ራሱ ባበለጸገው ኢኦኤስ በተባለ የማከማቻ ሥርዓት፣ አሊስ የተሰኘው ሙከራ ፋይሎች በ10 ቁራጭ ተከፍለው 2 መሙያዎች ይታከሉባቸዋል። ከ12ቱ የትኞቹም 2 ቢጠፉ ፋይሉ ይነበባል፤ ትርፉ ቦታ ግን 20 በመቶ ብቻ ነው። በእርግጥ ቁራጮቹ በተለያዩ ሰርቨሮች ላይ ካልተበተኑ ዋስትናው ከንቱ ነው፤ ሁሉንም የያዘው ሰርቨር ሲቆም አብረው ይታጣሉ።

ዘዴው የራሱ ዋጋ አለው። አንድ የጠፋ ቁራጭ ለመተካት 10 ቁራጮችን በኔትወርክ አንብቦ ማስላት ይጠይቃል፤ ቅጂ ቢሆን መገልበጥ ብቻ ይበቃ ነበር። ጥቃቅን ፋይሎችን መቆራረጥም ድካሙ ከጥቅሙ ይበልጣልና ለእነሱ ቅጂው ይመረጣል። ኮዱ ባክአፕን እንደማይተካም መታወቅ አለበት፤ ተመራማሪው በስሕተት የሰረዘውን ፋይል አይመልስም። ሰርንም የሙከራ ዳታውን ለዘለቄታው የሚያኖረው በማግኔት ቴፕ ላይ ነው።