ጌታ የማይቆጣበት ሜዳ

ስሙኝማ ልጆች። ስለ ጎጃም ተማሪ ቅኔ ሊቃውንቱ አውርተው አይጠግቡም። እኔ ግን ዛሬ የማወጋችሁ ቅኔውን ተሸክሞ ስለሚዞረው እግር ነው። እግሩን ተከትለን ስንሄድ ተመልሰን ቅኔው ደጃፍ ላይ መውደቃችን አይቀርም፤ ያኔ እንዳትወቅሱኝ።

ዩኒቨርሲቲ ሲባል ለእናንተ የሚታያችሁ ፎቅና መታወቂያ የሚጠይቅ ጥበቃ ነው። ጎጃም ግን ፎቅ ሳይኖራት ዩኒቨርሲቲ ነበራት። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስ፣ ጎንጅ ቴዎድሮስ፣ ዋሸራ፤ ከሸዋም ከወሎም ከትግራይም ተማሪ የሚጎርፍባቸው ጉባኤ ቤቶች። ዶርሙ የሣር ጎጆ፣ ካፌው የገበሬው ደጃፍ።

አዲስ ገብ ተማሪ መጀመሪያ የሚማረው ግስ አይደለም፤ ውሻ ነው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል፣ ቁራሽ ይዛ ከምትወጣው እማወራ በፊት ውሻው ይደርሳል። የሮጠ ይነከሳል። የከረመው ተማሪ ጀርባውን አይሰጥም። ዱላውን ከፊቱ ይዘረጋል፣ ዓይኑን ከውሻው አይነቅልም፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ሌላ እርምጃ ወደ ጎን እያለ ልመናውን ይቀጥላል። ዜማው አይሰበርም፤ እግሩም አይደናቀፍም። ይህ ችሎታ በየትኛው የስፖርት ዓይነት እንደሚመደብ እናንተ የተማራችሁት ንገሩኝ።

ደግሞ ቆጠራው አለ። ቅኔ የሚቆጥር ተማሪ ጎጆ ውስጥ ተጎልቶ አይውልም። የኔታ መንገዱን ካሳዩት በኋላ ወደ ዱሩ፣ ወደ ወንዙ ዳር ብቻውን ይወጣል፤ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሲመላለስ ይውልና የቋጠረውን ይዞ ለነገራ ይቀርባል። ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ እስኪደርስ ስንት ጋሻ መሬት እንደሚረግጥ አስቡት። እዚያ ቢደርስም አላበቃም። ቅኔውን ጎጃም ቢጨርስ ድጓው ጋይንት ቤተ ልሔም ነው፤ ዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አባ ነው፤ አቋቋሙ ጎንደር በዓታ ነው። ሁሉም በእግር። አቋቋሙማ ራሱን የቻለ ስፖርት ነው፤ እስቲ ከመካከላችሁ ከበሮ አንግቶ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ሲያሸበሽብ የሚያድር ጎልማሳ ይነሣ!

ሐዲስ ዓለማየሁም ከደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ካለችው እንዶዳም ተነሥተው፣ ደብረ ኤልያስን፣ ደብረ ወርቅንና ዲማን ረግጠው ነው በኋላ አዲስ አበባ የገቡት። በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የማንኩሳው ልጅ በዛብህ የሚሄደው መንገድ ከወንበር ላይ የተጻፈ አይመስለኝም። መንገዱን የሄደበት ሰው እጅ አለበት።

ታዲያ ተማሪው፣ ገበሬው፣ እረኛው፣ ባላባቱም ሳይቀር አንድ ሜዳ ላይ የሚገናኙበት ቀን አለ። ገና ነው። አዝመራው ተሰብስቦ ማሳው ባዶ ሲሆን ልጆች ጫካ ይገባሉ። የሚፈለገው ቀጥ ያለ በትር አይደለም፤ ጫፉ የቆለመመ ነው። ተፈጥሮ ያላጎበጠውን እንጨት በእርጥቡ እሳት እያሳዩ ያጎብጡታል፤ ልጡን ልጠው፣ ጉጡን ከርክመው መዳፍ እንዳይልጥ ያለሰልሱታል። የምትመታው እሩር ናት፤ ከእንጨት ተጠርባ ወይም ከጠፍር ተገምዳ የተሠራች። ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ይለያል። የተጫዋች ቁጥር አይቆጠርም፤ ካርድ የሚመዝ ዳኛ የለም፤ የሜዳው ጠርዝ አንድ በኩል ወንዙ፣ አንድ በኩል የሰው አጥር ነው። እሩሯ በአየር ስትመጣ ቅልጥም ያገኘች እንደሆነ ወጌሻ ይጠራል፤ ጨዋታው ግን አይቆምም።

ጨዋታው ሲያልቅ ሁለተኛው ጨዋታ ይጀመራል። ያሸነፈው ወገን በግጥም ይሳደባል። የተሸናፊውን ሰፈር ድህነት፣ የባላባቱን ቦርጭ፣ የጭቃ ሹሙን ስስት፣ የቀረ የለም። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ይባላላ! በአዘቦት ቀን ጅራፍ የሚያስመዝዝ ቃል የዚያን ዕለት ሳቅ ነው። እንዲያውም የተሰደበው ጌታ ጠላ አስቀድቶ የሚያጠጣበት ጊዜ አለ፤ ሆዱ ቢያርም ጥርሱ ይስቃል። እኔም አቅሜን ልሞክር፤

ጉልበታችሁን አይተን እጅጉን ብንቀና፣
ማሸነፍ ለእናንተ አልደረሰም ገና።

ደህና ገጣሚ አይደለሁም፤ የተሻለ ያለው ይጨምርበት። የፈረሱን ነገር፣ የአገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 አዊ ምድር ላይ የሚያሳዩትን፣ ለሌላ ቀን አቆዩልኝ። እሱን ከነካሁ ይመሽብናል።

ከጠላት ወዲህ ዘመናዊው ትምህርት ሲስፋፋ በደብረ ማርቆስ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ስም የተጠራው ትምህርት ቤት የዚያን አገር ልጅ ሰበሰበ። ሰውነት ማጎልመሻ የሚባል ክፍለ ጊዜ መጣ፤ ፊሽካ መጣ፤ በኖራ የተሰመረ ሜዳ መጣ፤ ኳስ መጣ። ይህን ፈጠን ብዬ ልለፈው፤ የየትኛውም ጠቅላይ ግዛት ትምህርት ቤት ታሪክ ነው። እኔ የምቸኩለው ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ከገባው ተማሪ ጋር ለመድረስ ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ይህ ኮሌጅ በዓመት አንድ ጊዜ የሚያከብረው በዓል ነበረው፤ የኮሌጅ ቀን ይባላል። የስፖርት ቀን ነው፤ ተማሪው ይወዳደራል፣ ይቀልዳል፣ ይጮኻል። በኋላ ላይ በዚያው በዓል የግጥም ውድድር ታከለበት። አያችሁ ነገሩን? መጀመሪያ እግር፣ ቀጥሎ አፍ። ከገና ቀዱት ብዬ አልከራከርም፤ ግን እረኛ ሆኖ ገና የተጫወተ፣ ዲያቆን ሆኖ ቅኔ የሰማ ልጅ ከላቡ ቀጥሎ ግጥም ሲመጣ የሚደንቀው አይመስለኝም።

ከዚያ የ1953 ታኅሣሥ መጣ። የክብር ዘበኛው አዛዥ መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ መንግሥት ለመገልበጥ ሞከሩ፤ ተማሪውም ለድጋፍ አደባባይ ወጣ። ሙከራው ከሸፈ፤ ሰው ሞተ፤ ከተማው አንገቱን ደፋ። ወራት አለፉና የኮሌጁ ቀን ደረሰ። ያን ጊዜ ነው ታምሩ ፈይሳ የሚባል ተማሪ «ደሃው ይናገራል» የተሰኘ ግጥሙን ያነበበው። ርእሱን ብቻ ስሙት። ከዚያ በፊት ደሃው የሚለመንለት፣ የሚታዘንለት ሰው ነበር፤ እዚህ ግን አፍ አውጥቶ ቆመ። የዚያን ዕለት ማን ሮጦ ማንን እንደቀደመ ዛሬ ማን ይጠይቃል? ግጥሙ ሩጫውን ቀደመው።

በዓመቱ የቀረቡት ግጥሞች ይበልጥ ከረሩ። ያ ሜዳ ግን የገና ሜዳ አልነበረምና ጌታ ተቆጣ። ተማሪዎች ታገዱ፤ የአዳሪነቱ ሥርዓትም ቀረ። ግቢ ውስጥ በልቶ ያድር የነበረ የሩቅ አገር ልጅ ከተማ ውስጥ ቤት ፈላጊ ሆነ። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ አንድ የጎጃም ባላባት በዓመት አንዴ ዋጥ የሚያደርጋትን ስድብ ቤተ መንግሥቱ መዋጥ አቃተው። አዳሪውን ከግቢ ማስወጣቱም አልጠቀመውም፤ ግጥሙ ከተማሪው ጋር ወደ ከተማው ወጣ። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተጀመረና ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያስተምር ተላከ። ጠመኔውን ብቻ ይዞ የሄደ መሰላችሁ?

አሁን ከእናንተ አንዱ በሆዱ «ሩጫስ? ሯጭ እኮ አርሲ ነው» ይል ይሆናል። ነሐሴ 2001 በርሊን ላይ የሆነውን ላስታውሳችሁ። የዓለም ሻምፒዮናው የሴቶች 10,000 ሜትር ፍጻሜ ነው። ሃያ አምስት ዙር ተሮጦ ሊያልቅ ጥቂት ሜትር ሲቀር መሰለች መልካሙ ያሸነፈች መስሏት ነበር፤ ኬንያዊቷ ሊኔት ማሳይ ከጎኗ ደርሳ ደረቷን አስቀደመች። ከእነሱ ኋላ እየተወረወረች የመጣችው ሦስተኛዋ ውዴ አያሌው ናት፤ የሰከላ ልጅ፣ ዓባይ ከሚፈልቅበት ከግሽ ዓባይ አገር። ከአንደኛዋ እስከ ሦስተኛዋ አንድ ሰከንድ አልሞላም! ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በ2003 ዓ.ም.፣ የቲሊሊው የኔው አላምረው ዶሃ ላይ 3,000 ሜትርን በ7 ደቂቃ ከ27 ሰከንድ ገባ። ጎጃም ሯጭ አጥታ አታውቅም፤ ሯጯ ወይ አኩፋዳ ተሸክሞ ነበር፣ ወይ በግ ሲጠብቅ።

ፎቅ ያለው ዩኒቨርሲቲ ደብረ ማርቆስ የደረሰው ዘግይቶ ነው፤ ማስተማር የጀመረው በ1999 ዓ.ም.። በሐዲስ ዓለማየሁ ስም የተሰየመ የባህል ጥናት ተቋምም አለው፤ ተገቢ ነው። ከተማው ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር በላይ ተቀምጧል፤ ከበስተጀርባው ጮቄ ከ4,000 በላይ ይቆማል። ከጋምቤላ ወይም ከአፋር ተመድቦ የመጣ ፍሬሽማን በመጀመሪያው ቀን ኳስ ሜዳ ገብቶ ከደቂቃዎች በኋላ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ያሳርፋል። ታሞ አይደለም፤ አየሩ ሳስቶበት ነው። ሳምንታት ሲያልፉ ደሙ ቀይ ሕዋሱን ያበዛና የቆላው ልጅ ደገኛውን ማስቸገር ይጀምራል። የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጨዋታ በ2010 ዓ.ም. መቐለ ላይ ሲደረግ የአህጉሩ ተማሪ የቀመሰው ይህንኑ የደጋ አየር ነው።

ዋናው ነገር ግን የሜዳው ዳር ነው። ሁለት ዲፓርትመንቶች ሲጋጠሙ ጠጋ ብላችሁ አዳምጡ። ጀሪካን ከበሮ ይሆናል፤ አንዱ ያወርዳል፣ ሌላው ይቀበላል። የኢንጂነሪንጉ የሕጉን ይሰድባል፤ የሕጉ የኢንጂነሪንጉን ዶርም፣ ጫማ፣ ውጤት አንስቶ ይመልሳል። በኦሮምኛ ይገባል፣ በሲዳምኛ ይወጣል፣ አማርኛው ይቀበላል። አንዳንዴ ከአማርኛ ዲፓርትመንት ወይም በልጅነቱ ጉባኤ ቤት ከዋለ ልጅ አፍ አንዲት ስንኝ ትወረወርና ሜዳው ፀጥ ብሎ ከዚያ በሳቅ ይፈነዳል። ዳኛውን ነው የያዙት። ሰሙ ፔናሊቲ የከለከለው ባለ ፊሽካ ነው፤ ወርቁን የሚያውቅ ደግሞ ስለ ሌላ ዳኛ፣ ስለ ሌላ ችሎት እንደተባለ ገብቶት ጎረቤቱን በክርኑ ይጎሽማል። ሲዘገይ የገባው ለብቻው ይስቃል። ያልገባው «ምን አለ? ምን አለ?» እያለ ትከሻ ይጎትታል። ዳኛው ግን ሰሙንም ወርቁንም ላይሰማ ምሏል፤ እጁን ወደ ማዕዘኑ ዘረጋ፤ የማዕዘን ምት ነው።