ስቴሮይድ

ስቴሮይድ የሚለው ስም በአራት የተያያዙ የካርቦን ቀለበቶች ላይ የተዋቀሩ ውህዶችን ሁሉ ስለሚያጠቃልል፣ ጡንቻ ለማዳበር የሚወሰደውንም ሆነ ሐኪም ለአስም የሚያዘውን መድኃኒት በአንድነት ይጠራል፤ የሰውነትን መከላከያ በመግታት በዋነኛነት የሚታወቀው ግን ግሉኮኮርቲኮይድ የተባለው ወገን ነው። የዚህ ወገን ተፈጥሯዊ አባል ከኩላሊቶች አናት ላይ ከተቀመጡት የአድሬናል ዕጢዎች የሚመነጨው ኮርቲሶል ሲሆን፣ ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታሶን በሰው የተሠሩ ዘመዶቹ ናቸው፤ ዴክሳሜታሶን ብግነትን በማብረድ ረገድ ኮርቲሶልን 25 እጥፍ ያህል ይበልጣል።

እነዚህ ውህዶች በስብ ውስጥ የሚሟሙ በመሆናቸው የሕዋሱን ሽፋን በቀላሉ አልፈው፣ በውስጡ ካለው ተቀባይ ፕሮቲን ጋር ይጣመሩና ወደ ኒውክሊየስ ይዘልቃሉ፤ እዚያም የመከላከያ ሕዋሳት እርስ በርስ የሚጠራሩባቸውን ሳይቶካይን የተባሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖች የሚያሠሩትን ዘረመሎች ይገታሉ። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ኢንተርሉኪን 2 ሲጓደል ቲ ሕዋሳት እንደ ልብ መባዛት ያቅታቸዋል፤ መጠኑ ከፍ ሲልም ብዙ ሊምፎሳይቶች ራሳቸውን እስከ ማጥፋት ይደርሳሉ። በአንጻሩ ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት በደም ምርመራ ላይ በዝተው መታየታቸው አንባቢን ሊያሳስት ይችላል፤ ይህ የሚሆነው በአመዛኙ ከደም ሥር ግድግዳ ተላቅቀው፣ ወደ ተጎዳው አካል ሳይዘልቁ በደም ውስጥ ስለሚቀሩ እንጂ መከላከያው ስለበረታ አይደለም። መድኃኒቱን ለረጅም ጊዜ በሚወስድ ሰው ላይ ተደብቆ የኖረ የሳንባ ነቀርሳ ሊቀሰቀስ የሚችለውም ከዚሁ የመከላከያ መዳከም የተነሣ ነው።