በሕብረ ሕዋስ ናሙና ላይ የሚደረግ የቲቢ ሞለኪውላዊ ምርመራ

የሕብረ ሕዋስ የቲቢ ሞለኪውላዊ ምርመራ ከሕመምተኛ አካል በተወሰደ ቁራጭ ሥጋ ወይም ፈሳሽ ውስጥ የቲቢ ባክቴሪያን በዲኤንኤው የሚለይ የላቦራቶሪ ዘዴ ነው። በተለይ የሚያገለግለው ቲቢው ከሳንባ ውጭ፣ ለምሳሌ በንፍፊት፣ በአጥንት ወይም በሆድ ዕቃ ውስጥ ሲሆንና አክታ ሊረዳ በማይችልበት ጊዜ ነው።

በኢትዮጵያ ከሚታወቁት የቲቢ ሕመምተኞች ሲሦ ያህሉ ከሳንባ ውጭ የሆነ ቲቢ ያለባቸው ሲሆኑ፣ ብዙውን ጊዜ የሚጠቃው የአንገት ንፍፊት ነው። በንፍፊት ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ጥቂት ስለሆነ በማይክሮስኮፕ ማየቱ ያስቸግራል፤ ለዚህ በአንድ ሚሊ ሊትር 10,000 ገደማ ባክቴሪያ ያስፈልጋል። በካልቸር ማሳደግ ደግሞ እስከ 8 ሳምንት ይወስዳል። ያበጠ ንፍፊት ካንሰርም ሊሆን ስለሚችል፣ በግምት የሚጀመር የ6 ወር የቲቢ መድኃኒት የካንሰሩን ሕክምና ሊያዘገይ ይችላል።

አሠራር

ናሙናው በቀጭን መርፌ ተመጦ ወይም በቀዶ ጥገና ተቆርጦ ይወሰዳል። ቁራጩ ተደቁሶ ከማሟሚያ ፈሳሽ ጋር ይቀላቀልና በጂን ኤክስፐርት ካርትሪጅ ውስጥ ይጨመራል። መሣሪያው ዲኤንኤውን አውጥቶ በፒሲአር ያባዛል፤ ውጤቱም በ2 ሰዓት ገደማ ይታወቃል። የሚመረመረው አርፒኦቢ የተባለው ጂን ስለሆነ ባክቴሪያው ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና መድኃኒት መላመዱ በዚያው ይለያል። የዓለም ጤና ድርጅት ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ2010 አጸደቀ፤ በ2013 ደግሞ ከሳንባ ውጭ ለሚወሰዱ አንዳንድ ናሙናዎችም እንዲውል መከረ።

ምርመራው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በመሣሪያው ሳይሆን ናሙናው በተቀመጠበት ዕቃ ምክንያት ነው። ለፓቶሎጂ የሚውለው ፎርማሊን ባክቴሪያውን ይገድላል፣ ዲኤንኤውንም ይሰባብራል። ስለዚህ ቁራጩ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ በፎርማሊን፣ ሌላው በኖርማል ሳላይን መላክ አለበት። የቀረው በፓራፊን ሰም የታሸገ ናሙና ብቻ ከሆነ ሰሙ ሟሙቶ አጫጭር የዲኤንኤ ክፍሎች በፒሲአር ይፈለጋሉ፤ ይህ ግን ብዙ ሕመምተኛ ሊያመልጠው ይችላል።

ውጤቱ «የለም» ቢልም ቲቢ የለም ማለት አይደለም። የሞተ ባክቴሪያ ዲኤንኤም ስለሚነበብ ምርመራው መዳንን ለመከታተል አያገለግልም።

ኮልፌ ቀራንዮ

በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ በአለርት ሆስፒታል ግቢ የሚገኘው የአርማወር ሀንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት (አህሪ) እ.ኤ.አ. በ1970 በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች አነሳሽነት ለሥጋ ደዌ ምርምር ተቋቋመ። ስሙ የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ በ1873 ካገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም የተወሰደ ነው። ሁለቱ ባክቴሪያዎች የአንድ ወገን ዘመዳሞች በመሆናቸው ምርምሩ ወደ ቲቢ መስፋቱ አያስገርምም።

የንፍፊት ቲቢ መብዛት ካልፈላ የላም ወተት የሚመጣ ነው የሚል ግምት ለረጅም ጊዜ ነበር። ጂን ኤክስፐርት የከብትን ቲቢ ከሰው ቲቢ ስለማይለይ ጥያቄውን ለመፍታት ስፖሊጎታይፒንግ የተባለ ሌላ ሞለኪውላዊ ዘዴ አስፈለገ። የአህሪ ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ከሕመምተኞች የተገኘው ባክቴሪያ ከጥቂቶች በስተቀር የሰው ቲቢ መሆኑን አሳየ። በጥናቱ ከተለዩት መካከል በአብዛኛው በኢትዮጵያ የሚገኘው «የዘር ሐረግ 7» ይገኝበታል።