በእጅ የያዙት ማግኔት፦ ብረት የሚጨብጠው መሣሪያ የሁለት መቶ ዓመት ታሪክ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 4 ቀን 2025 የቻይና መንግሥት ሰባት ዓይነት ብርቅዬ የመሬት ማዕድናትና ከእነርሱ የሚሠሩ ማግኔቶች ያለ ልዩ ፈቃድ ወደ ውጭ እንዳይላኩ ወሰነ። ብዙም ሳይቆይ በአውሮፓ የመኪና መለዋወጫ የሚያመርቱ አንዳንድ መስመሮች ሥራ አቆሙ፤ በአሜሪካም ፎርድ የቺካጎ ፋብሪካውን ለአንድ ሳምንት ያህል ዘጋ። የዜና አውታሮች ትኩረት በአብዛኛው በኤሌክትሪክ ሞተሮች ላይ ነበር። ማግኔት ግን ሞተር ከማሽከርከር ሌላ፣ ብዙም የማይነገርለት ሥራ አለው፤ በፋብሪካ ወለል ላይ ብረት ይይዛል፣ ያነሣል፣ ያቀብላል፣ ይለቅቃል። ዛሬ በሮቦት ክንድ ጫፍ ላይ የሚታሰረው ማግኔታዊ መጨበጫ የዚህ ረጅም ታሪክ የቅርብ ምዕራፍ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉ ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መያዝ ቀላል ሥራ ይመስላል። ሆኖም ቶርኖ ቤት ገብቶ ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ብረቱን ከመቁረጥ ይልቅ ቁራጩን በሞርሳ አጥብቆ፣ ለክቶ፣ ፈትቶና አዙሮ እንደገና ማሰር ብዙ ጊዜ የሚፈጅበት ጊዜ አለ። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ይህ የዝግጅት ወጪ ነው። አንድ ዓይነት ዕቃ በመቶ ሺህ ለሚያመርት ፋብሪካ ወጪው በምርቱ ብዛት ተከፋፍሎ እዚህ ግባ የማይባል ይሆናል፤ ሃያ ሠላሳ ብቻ ለሚያመርት ወርክሾፕ ግን ትርፉን ይበላል። ስለዚህ የመያዣ መሣሪያዎች ታሪክ የትልቁና የትንሹ አምራች ፉክክር ታሪክም ነው።

መልቀቅ የሚችል ማግኔት

ብረት የሚስብ ድንጋይ ከጥንት ጀምሮ ይታወቃል። ለሥራ የማይመቸው መያዝ ስለማይችል ሳይሆን መልቀቅ ስለማይችል ነበር። ይህን ችግር የፈታው እንግሊዛዊው ዊሊያም ስተርጀን ነው። ስተርጀን በልጅነቱ ጫማ መሥራት የተማረ፣ ኋላም ወታደር ሆኖ ሳይንስን በራሱ ጥረት ያጠና ሰው ነበር። በ1825 ለንደን ውስጥ ለሕዝብ ያሳየው መሣሪያ እንደ ፈረስ ኮቴ የታጠፈ፣ የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት የብረት ዘንግ ነበር። 200 ግራም ያህል የሚመዝነው ይህ ዘንግ የኤሌክትሪክ ፍሰት ሲደርሰው 4 ኪሎ ግራም ገደማ አነሣ፤ ፍሰቱ ሲቋረጥም ጣለው። አዲሱ ነገር መጣሉ ነበር።

በኒውዮርክ ግዛት የኦልባኒ አካዳሚ መምህር የነበረው ጆሴፍ ሄንሪ ሽቦውን በሐር ጠቅልሎ እርስ በርስ እንዳይነካካ በማድረግ ብዙ ጊዜ መጠምጠም የሚቻልበትን መንገድ አገኘ። በ1831 ለዬል ኮሌጅ የሠራው ማግኔት ከ900 ኪሎ ግራም በላይ ተሸከመ። ይሁን እንጂ ይህ ኃይል ወደ ብረት መሥሪያ ማሽን እስኪገባ ከስድሳ ዓመታት በላይ አለፉ። ምክንያቱ የዕውቀት ጉድለት አልነበረም፤ በየፋብሪካው የሚደርስ ርካሽ ኤሌክትሪክ አለመኖሩ ነበር። አንድ ፈጠራ ጥቅም ላይ የሚውለው ደጋፊዎቹ ሲሟሉለት መሆኑን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

በ1890ዎቹ በማሳቹሴትስ ግዛት በምትገኘው በዉስተር ከተማ ኦክሊ ዎከር የኤሌክትሮማግኔት ጠረጴዛ ለገበያ አቀረበ። ከተማዋ በአጋጣሚ የተመረጠች አልነበረችም። ብረት የሚያለሰልሱ የድንጋይ ጎማዎችን የሚያመርተው ኖርተን ኩባንያ የተመሠረተው እዚያው በ1885 ነው። የሚሽከረከር ድንጋይ ብረትን በጣም በስሱ ስለሚልግ፣ ሥራው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በአያያዙ ነው። እንደ ፒስተን ቀለበት ያለ ስስ ነገር በሞርሳ ሲጠብቅ ይጣመማል፤ ተልጎ ሲፈታም ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለስና ልኩ ይዛባል። ማግኔት ከታች ብቻ ስለሚይዝ የላይኛውን ገጽ ነጻ ያደርገዋል። ችግሩና መፍትሔው በአንድ ሰፈር መገናኘታቸው፣ የኢንዱስትሪ መንደሮች ከሕንፃና ከመንገድ በላይ የሚሰጡት ጥቅም ምን እንደሆነ ያሳያል።

የኤሌክትሮማግኔት ድክመት ግን ግልጽ ነበር። መብራት ሲጠፋ የያዘውን ይለቅቃል፤ ለረጅም ጊዜ ሲሠራም ይሞቃል። በ1931 ጃፓናዊው ቶኩሺቺ ሚሺማ ከብረት፣ ከኒኬልና ከአሉሚኒየም የሠራው ቅይጥ ኋላ አልኒኮ ለተባሉት ቋሚ ማግኔቶች መንገድ ከፈተ። በዚያው አሥርት ዓመት በእንግሊዝ ሼፊልድ ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ በእጀታ የሚበራና የሚጠፋ ማግኔታዊ መያዣ ተሠራ። እጀታው ሲዞር ማግኔቱ አይጠፋም፤ የስበቱ መስመር ወደ ዕቃው መውጣቱን ትቶ በመሣሪያው ውስጥ ይዘጋል እንጂ።

ክንዱ አንድ፣ እጁ ብዙ

ዩኒሜት የተባለው የመጀመሪያው የኢንዱስትሪ ሮቦት በ1961 በኒው ጀርሲ በሚገኝ የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ፤ ተግባሩም በቅርጽ የፈሰሰ ትኩስ ብረት ማውጣት ነበር። ከዚያ ወዲህ የሮቦት ክንድ በፕሮግራም ለማንኛውም ሥራ የሚታዘዝ ሁለገብ መሣሪያ ሆነ፤ እጁ ግን ሁለገብ አልሆነም። ባለ ሁለት ጣት መጨበጫ ለአንድ ቅርጽ ተለክቶ ይሠራል። በአየር የሚመጥ ጎማ ያለው መጨበጫ ደግሞ ኮምፕሬሰርና ክፍተት የሌለው ገጽ ይፈልጋል፤ ቀዳዳ በበዛበት ላሜራ ላይ አየሩ ያመልጣል። የምርቱ ዓይነት ሲለወጥ እጁም መለወጥ አለበት፤ የድሮው የዝግጅት ወጪ በሌላ መልኩ ተመልሶ ይመጣል።

ማግኔት እዚህ ላይ ብልጫ አለው። አንድ ገጽ ብቻ ይበቃዋል፤ የተበሳ ላሜራም ሆነ ያልተስተካከለ ቁራጭ ይይዛል። በአንዳንድ መጨበጫዎች ውስጥ ሁለት ዓይነት ማግኔቶች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ አንዱ አቅጣጫውን በቀላሉ የማይለውጥ ኒዮዲሚየም፣ ሌላው ሽቦ የተጠመጠመበት አልኒኮ። ለቅጽበት የሚላክ የኤሌክትሪክ ምት የአልኒኮውን አቅጣጫ ይገለብጣል። ሁለቱ በአንድ አቅጣጫ ሲሰለፉ ስበቱ ወደ ውጭ ወጥቶ ብረቱን ይይዛል፤ ሲቃረኑ ስበቱ በውስጥ ይዘጋና ዕቃው ይለቀቃል። ለመያዝ ኤሌክትሪክ ስለማያስፈልግ መብራት ቢጠፋም ዕቃው በሠራተኛ ላይ አይወድቅም።

ገደቡም መታወቅ አለበት። ማግኔት አሉሚኒየምንና መዳብን አይይዝም፤ በወጥ ቤት ዕቃ ላይ በብዛት የሚታየውን የማይዝግ ብረትም እንዲሁ። በቀለም ወይም በዝገት ምክንያት የሚፈጠር ትንሽ ክፍተት ጉልበቱን በእጅጉ ይቀንሰዋል። ላሜራው ስስ ከሆነ ስበቱ አልፎ ከሥር ያለውን ሁለተኛ ላሜራ አብሮ ያነሣል። ተራው የኒዮዲሚየም ማግኔት ደግሞ ሙቀቱ ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስ ካለፈ መዳከም ይጀምራል። የዩኒሜትን የመጀመሪያ ሥራ ዛሬም በዚህ መጨበጫ መሥራት አይቻልም።

ከካታንጋ እስከ ኢንዲያና

ኒዮዲሚየም ወደዚህ ታሪክ የገባበት መንገድ ለፖሊሲ አውጪ ከሁሉ የበለጠ ትምህርት አለው። ከእርሱ በፊት ኃይለኛ የነበሩት ማግኔቶች ኮባልት ይፈልጉ ነበር፤ ዋናዋ የኮባልት ምንጭም የያኔዋ ዛየር ነበረች። በ1978 በሻባ፣ ማለትም በካታንጋ፣ ውጊያ ሲነሣ የኮባልት ዋጋ ሰማይ ነካ። አምራቾች ኮባልት የሌለበት ማግኔት ፍለጋ ተሯሯጡ። በጃፓን የሱሚቶሞው ማሳቶ ሳጋዋ፣ በአሜሪካ የጄኔራል ሞተርሱ ጆን ክሮት፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያውቅ ከኒዮዲሚየም፣ ከብረትና ከቦሮን የተሠራውን ማግኔት አገኙ፤ ሁለቱም በ1983 ፒትስበርግ ላይ በተካሄደ አንድ ጉባኤ አስታወቁ። ከአንድ አፍሪካዊ ምንጭ ጥገኝነት መላቀቂያ የተባለው ይህ ግኝት ከጊዜ በኋላ ለሌላ ጥገኝነት በር ከፈተ።

ጄኔራል ሞተርስ በኢንዲያና ግዛት አንደርሰን ከተማ ማግኔኩዌንች የተባለ ድርጅት አቋቁሞ ማግኔቱን ማምረት ጀመረ። «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» እንዲሉ፣ በ1995 ድርጅቱን የቻይና ኩባንያዎች ላሉበት የባለሀብቶች ስብስብ ሸጠው። በሚቀጥሉት ዓመታት ምርቱ ደረጃ በደረጃ ወደ ቻይና ተዛወረ። የካሊፎርኒያው የማውንቴን ፓስ ማዕድን ማውጫም በ2002 ሥራ አቆመ። እያንዳንዱ ውሳኔ ለወሰነው ድርጅት አትራፊ ነበር፤ ድምሩ ግን አሁን የዓለም የብርቅዬ ማዕድን ማግኔት ምርት 90 በመቶ ገደማ በአንድ አገር እንዲሰበሰብ አደረገ። በ2010 ከጃፓን ጋር በተነሣው ውዝግብ ወቅት ማስጠንቀቂያው ተሰምቶ ነበር። የዓለም ንግድ ድርጅት በ2014 በቻይና የኮታ ሥርዓት ላይ ፈረደ፤ ኮታው በ2015 ተነሣ፤ ጉዳዩም ተረሳ። በጁላይ 2025 የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት በ400 ሚሊዮን ዶላር የማውንቴን ፓስ ባለቤት ኩባንያ ትልቁ ባለ አክሲዮን ለመሆን ተስማማ፤ ለምርቱም የዋጋ ወለል አስቀመጠ። በ1995 ገበያው የሸጠውን መንግሥት በሠላሳ ዓመቱ መልሶ መግዛት ጀመረ ማለት ነው።

የማይጨበጠው ጨርቅ

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በልብስ ስፌት ላይ ያተኮረው ርካሽ የሰው ኃይልን ተስፋ አድርጎ ነው። ያ ተስፋ፣ ብዙም ያልተነገረ ቴክኒካዊ መሠረት ነበረው፦ ጨርቅ ይታጠፋል፣ ይሸበሸባል፣ ይንሸራተታል፤ ማግኔትም አይስበውም። ብረት ለሮቦት በቀላሉ ሲታዘዝ ስፌት በሰው እጅ የቆየው ከደመወዝ ዝቅተኝነት በተጨማሪ በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ የትኛው ሥራ ለታዳጊ አገር ይቀራል የሚለው ጥያቄ በከፊል ማሽን ምን መጨበጥ ይችላል የሚል ጥያቄ ነው፤ መልሱም በየአሥር ዓመቱ ይለወጣል። ከ2022 መጀመሪያ አንሥቶ ኢትዮጵያ ከአጎዋ የንግድ ዕድል ስትታገድ የታየው ደግሞ ሌላኛው ገጽታ ነው፤ ሥራው በሰው እጅ ቢቀርም ገበያው በሌላ እጅ ሊሆን ይችላል።

የብረታ ብረት ሥራን ለማሳደግ የሚያስብ መንግሥት ከዚህ ታሪክ የሚወስደው ነገር ሮቦት የመግዛት ምክር አይደለም። ዎከር በዉስተር የተሳካለት ልጎ የሚያለሰልሰው ባለሙያ ጎረቤቱ ስለነበረ ነው፤ አንደርሰን የተጎዳችው ፈጠራ አጥታ ሳይሆን ፈጠራውን ወደ ምርት የሚለውጠው የሰው ልምድ ከፋብሪካው ጋር ስለሄደ ነው። የአዲስ አበባ የብየዳና የቶርኖ ቤቶች ሃያ ሠላሳ ቁራጭ በትእዛዝ የሚሠሩ ናቸው፤ የዝግጅት ወጪ የሚከብዳቸውም እነርሱ ናቸው። በእጀታ የሚሠራ ቋሚ ማግኔት ኤሌክትሪክ አይጠይቅም፤ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ትርጉሙ የጎላ ነው። የኢንዱስትሪ ፖሊሲ ሰነዶች ስለ ትላልቅ ፓርኮች የሚሰጡትን ያህል ገጽ ለእነዚህ ትናንሽ ቤቶች ቢሰጡ፣ ከሞርሳቸው ቢጀምሩ ያዋጣቸዋል።