ክፉ ቀን በአረንጓዴዋ ደሴት

አየርላንድ ከአውሮፕላን መስኮት ሲያዩዋት አረንጓዴ ናት፤ ወርደው ሲረግጧትም አረንጓዴ ናት። ዝናቡ መቼ ያቋርጥና! በነሐሴ ጎጃምን ያየ ሰው "ይህማ እኛም ጋ አለ" ሊል ይችላል። ልዩነቱ እነሱ ዘንድ ዓመቱን ሙሉ ነሐሴ መምሰሉ ነው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር እነ ዬትስንና እነ ጆይስን ለተማሪዎቼ ስተርክ ኖሬ፣ አገራቸውን ያየሁት ግን ማስተማሩን ከተውኩ በኋላ ነው።

አገሩ የተረት አገር ነው ሲባል ለቱሪስት የሚነገር ማስታወቂያ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ግን የምር ነው። ክሌር በሚባለው አውራጃ፣ ላቱን ከተባለ ቦታ አንዲት ብቸኛ የእሾህ ዛፍ አለች። በ1999 (ዘመኖቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) አውራ ጎዳና ሊያልፍባት ሲል፣ ኤዲ ሌኒሃን የተባለ ተረት ነጋሪ "ይህች ዛፍ የመንፈሶች መሰብሰቢያ ናት፤ ብትቆረጥ መንገዱ ደም ያፈሳል" ብሎ በየጋዜጣው ጮኸ። ዛፏ ሳትነካ መንገዱ ተሠራ። መንፈሶቹን ሰዉ "መልካሞቹ ሰዎች" እያለ ነው የሚጠራቸው፤ መልካም ስለሆኑ ሳይሆን ስለሚፈሩ። አድባር ያለው አገር ልጅ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። (የእኛ መንገድ ሠሪዎች ስንት አድባር እንደገነደሱ ግን አይጠየቅም።)

ከዚያ ወደ ምዕራብ ዘለቅሁ። ሊናን የምትባል ትንሽ መንደር አለች፤ ባሕሩ በሁለት ተራሮች መካከል እንደ ወንዝ ረዝሞ የሚገባባት። ያረፍኩበት የእንግዳ ቤት ባለቤት ሰባዎቹን ያለፉ ሴት ነበሩ። ማለዳ ደጃፋቸው ቆሜ ተራራውን ሳደንቅ፣ ፀሐይዋ በጎን ስትመታው ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ትይዩ መስመሮች ታዩኝ፤ እንደ ተረተር ያሉ፣ ሣር የለበሱ። "ምንድን ናቸው?" አልኳቸው።

"የድንች መደብ ነው። ከረሃቡ ወዲህ ማንም አላረሰውም" አሉኝ።

ታሪኩን በአጭሩ ላንሳው። ያኔ አገሪቱ የምትገዛው ከለንደን ነበር። መሬቱ የባለ ርስት፣ እህሉና ከብቱ ለኪራይ የሚሄድ፣ ለጭሰኛው የሚተርፈው ደግሞ ድንች የሚተከልባት ቁራሽ መሬት ነበረች። ድንች ከጥቂት መሬት ብዙ አፍ ይመግባልና፣ ወደ ሦስት ሚሊዮን የሚጠጋው ድሃ ከድንች በቀር እምብዛም አያውቅም። በ1845 ከወዲያ ማዶ ከአሜሪካ የመጣ በሽታ ድንቹን አጠቁሮ አበሰበሰው። በ1846 ምርቱ ከሞላ ጎደል ጠፋ። እስከ 1852 ድረስ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፤ ሌላ ከሚሊዮን የሚበልጥ ተሰደደ። በ1841 ቆጠራ ከስምንት ሚሊዮን በላይ የነበረው ሕዝብ በ1851 ወደ 6.5 ሚሊዮን ወረደ። ከደሴቲቱ ወደቦች ግን እህልና ከብት ወደ እንግሊዝ መጫኑ አልቆመም። በ1847 ክረምት መንግሥት በየቀኑ ወደ ሦስት ሚሊዮን ሰው ሾርባ ሲያድል ቆይቶ፣ ነገሩ መያዝ ሲጀምር በዚያው ዓመት ዘጋው። ደሴቲቱ፣ ሰሜኑ ተጨምሮ፣ ዛሬም የያኔውን ሕዝብ አልመለሰችም፤ ሰባት ሚሊዮን አካባቢ ናት። ያ የምናደንቀው አረንጓዴ እንግዲህ በከፊል ሰው የለቀቀው አረንጓዴ ነው።

ቁርስ ላይ ሴትየዋ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። "ከኢትዮጵያ" ስል ዓይናቸው ተለወጠ። በ1985፣ በእኛው በ77 ድርቅ፣ አገራቸው ሰው ቦብ ጌልዶፍ ላይቭ ኤይድን ሲያዘጋጅ ልጆቻቸው ጠረጴዛው ላይ በምትቀመጠው የትሮከራ የካርቶን ሣጥን ሳንቲም ይጥሉ እንደነበር ነገሩኝ። "እናንተ ቤትም ደርሶ ነበር?" አሉኝ በለሆሳስ።

እኔም ቶሎ ብዬ "ኧረ የለም፣ እኛ አካባቢ እንኳ አልነበረም፤ ወደ ሰሜን ነው" አልኩ። ለምን እንደቸኮልኩ እንጃ። ዳቦውን ቅቤ ስቀባ እጄ ፈጠነ።

ደብሊን ስመለስ የሙያ ነገር ሆኖብኝ ዩኒቨርሲቲው የሚያስቀምጠውን የአገሪቱን የፎክሎር ስብስብ ታሪክ ማገላበጥ ያዝኩ። በ1935 የተቋቋመው የፎክሎር ኮሚሽን ከ1937 እስከ 1939 የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን "አያቶቻችሁን ጠይቁና ጻፉ" ብሎ አሰማራ። ከ5,000 ትምህርት ቤቶች ወደ 740,000 ገጽ ተሰበሰበ! ከርዕሶቹ አንዱ ረሃቡ ነበር። በ1945 ደግሞ መቶኛ ዓመቱን ምክንያት አድርጎ ስለ ረሃቡ ብቻ መጠይቅ በተነ። እነዚህን የቃል ታሪኮች ያጠኑ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ነገር አለ። መንገሪያው ላይ የተቀመጠው አዛውንት ብዙ ጊዜ የሚለው "እዚህ እንኳ ያን ያህል አልከፋም፤ የከፋው እዚያ ማዶ ነው" ነው። እዚያ ማዶ ሲኬድም እንዲሁ ወደ ሌላ ማዶ ይጠቁማል።

እዚህ ላይ ስደርስ የቁርሱ ጠረጴዛ ትዝ አለኝና ደንገጥ አልኩ።

በአየርላንድኛ ያን ዘመን "አን ድሮኽሂል" ይሉታል፤ ክፉው ዘመን፣ ክፉው ኑሮ እንደማለት ነው። እኛ ደግሞ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የከብት በሽታ በሬውን ጨርሶ፣ አራሽ ያለ ጥማድ የቀረበትን ዘመን "ክፉ ቀን" እንላለን። ሥነ ቃል ሳስተምር ስንቱን ተማሪ ቴፕ አሸክሜ ገጠር ልኬአለሁ! ምሳሌያዊ አነጋገር አምጡ፣ የሠርግ ዘፈን አምጡ፣ እንቆቅልሽ አምጡ እያልኩ። እማማን፣ የገዛ አያቴን፣ እናታቸው በክፉ ቀን እንዴት እንደተረፉ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። እማማ ካረፉ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል።

አዲስ አበባ እንደገባሁ አክስቴ ጋ ደወልኩ። "ደግሞ ምን ልታደርግበት ነው?" አለችኝ። ልትሸሸኝ ነው ብዬ ስፈራ፣ ጥቂት ዝም ብላ "እማማማ እኛ ቀዬ አልገባም ነበር የሚሉት። ሰው ያለቀው ከወንዙ ማዶ ነው ይሉ ነበር" አለችኝ።

"የእማማ እናትስ የየት ሰው ነበሩ?"

ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ።

"ከወንዙ ማዶ ናቸው" አለች። "ብቻቸውን ነው የመጡት አሉ፤ ገና ልጅ ሆነው።"