ምክር ለልጅ ስንቅ ነው

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ ወረታ በደረሰ ጊዜ መንገዱ ኹለት ይኾንበታል፤ አንዱ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ወደ ጎንደር፥ ኹለተኛው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ወደ ደብረ ታቦር ይወስዳል። የሰው ልጅም በጕልማስነቱ ጊዜ እንደዚሁ ከመንታ መንገድ ላይ ይቆማል። በዚያን ሰዓት «ምን ሥራ ልያዝ?» ብሎ ሲጠይቅ መካሪ ያጣ ልጅ ወይ ቆሞ ይቀራል፥ ወይ ያገኘውን ተከትሎ ይሄዳል።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ለተማሪ መካሪ አልጠፋም። መምህሩ የልጁን ድምፅና ልቡና መርምሮ፥ ለድጓ ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም፥ ለዝማሬና ለመዋሥዕት ወደ ዙር አምባ፥ ለአቋቋም ወደ ደብረ ታቦር ሂድ ይለዋል። ከዚሁ ከፎገራ የተወለዱትን አለቃ ገብረ ሐናን ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በጨዋታቸው ነው፤ ታላቁ ሥራቸው ግን የአቋቋም ሥርዓታቸው ነው። ያንንም ሥርዓት ልጃቸው ተክሌ ተምሮ አስፋፋውና እስከ ዛሬ የሚጠራው በአባት ስም ሳይኾን በልጅ ስም «የተክሌ አቋቋም» ተብሎ ነው። የአባት ምክር ፍሬው በልጅ እንደሚታወቅ ከዚህ እንረዳለን።

ነገር ግን መምህር የሚመራው ራሱ በሄደበት መንገድ ነው። አባት ያልሄደበት መንገድ ለልጅ በተከፈተ ጊዜ ማን ይመክራል? ይህ ጥያቄ በአገራችን የበረታው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መጨረሻ ነው። በ1900 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ልጆችም እየተመረጡ ወደ ውጭ አገር ይላኩ ዠመሩ። አባቶቻቸው ስለዚያ ትምህርትና ስለዚያ ሥራ የሚነግሯቸው አልነበራቸውም። ይህን ጕድለት አይተው በመጽሐፍ ከመከሩት ሰዎች ዋነኛው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው።

እሳቸው በ1870 ዓ.ም. በመርሐ ቤቴ ተወልደው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉ፥ በእንጦጦ ራጉኤልም የተማሩ ሰው ናቸው። በ1903 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንጉሥ የዘውድ በዓል ወደ ለንደን፥ በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጋራ ወደ አውሮፓ ሄዱ። ስለዚህ ኹለቱንም መንገድ አወቁ። በ1910 ዓ.ም. «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ» የሚባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። ስሙ ራሱ ነገሩን ይገልጸዋል፤ ለልጅ ምክር የኾነው ያው ለአባት መታሰቢያ ነው። በ1915 ዓ.ም. ያሳተሙትንም «የሕይወት ታሪክ» በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወቂያ አሉት፤ ምክር ብቻውን እንዳይደርቅ የሠሩ ሰዎችን አብነት አቀረቡለት። በ1925 ዓ.ም. በታተመው «አዲስ ዓለም» ደግሞ አወቀ የሚባል ወጣት ከተጕለት ወጥቶ በፓሪስ ተምሮ ሲመለስ ከዘመዶቹ ልማድ ጋራ እንዴት እንደሚገጥም አሳዩ። የተማረ ልጅ ከትምህርቱ በኋላ የሚያገኘው ፈተና ይኸው መኾኑን አስቀድመው አይተውታልና።

የመከሩትንም በቤታቸው ፈጸሙት። ልጃቸውን ፈቃደ ሥላሴን በካምብሪጅ፥ ሲራክን በኦክስፎርድ አስተማሩ። የሲራክ ስም አባት ልጁን ከሚመክርበት ከመጽሐፈ ሲራክ ጋራ መግጠሙ ደስ ያሰኛል። ይሁን እንጂ ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ፥ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ከኾነው በኋላ ፋሺስቶች ፈቃደ ሥላሴን ገደሉት። ለአባቱ መታሰቢያ ይኾናል የተባለውን ልጅ አባቱ በስደት ኾነው አለቀሱለት። እሳቸውም በመስከረም 1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ዐረፉ። ሲራክ ግን ከጦርነቱ ተርፎ መጽሐፍ ወደ አማርኛ በመተርጐም የአባቱን ሥራ ቀጠለ።

እንግዲህ ምክሩ ከንቱ ኾነ እንበልን? አይደለም። ምክር መንገደኛውን ከሞት የሚያድን ጋሻ አይደለም፤ ስንቅ ነው። ስንቅ ያዘጋጀች እናት ልጇ በየትኛው ወንዝ እንደሚሻገር አታውቅም፤ ባታውቅም ግን ባዶ እጁን አትሰደውም።

ይህ ነገር ለፎገራ ሰው እንግዳ አይደለም። ርብና ጕማራ በክረምት ሞልተው ሜዳውን ውሃ ሲያለብሱት፥ ለጤፍ የማይመቸው ረግረግ በደርግ ዘመን ሩዝ በመጣ ጊዜ ለሩዝ ተመቸ። ዛሬ በወረታ የሩዝ ምርምር ማእከል አለ። አያት ጨፌ ነው ብሎ ለከብት በተወው መሬት የልጅ ልጅ ጐተራውን ሞላበት። የልጆቻችንም ልቡና እንደዚሁ ነው፤ ለእኛ ሥራ የማይመች የመሰለን ለሌላ ሥራ የተዘጋጀ ሊኾን ይችላል።

ስለዚህ አባቶችና መምህራን ሆይ፥ ልጅ ከመንታው መንገድ ላይ ቆሞ ሲጠይቀን፥ «በእኔ መንገድ ብቻ ሂድ» አንበለው፤ «እንደ ወደድህ» ብለንም አንተወው። ጠባዩን መርምረን፥ የምናውቀውን ነግረን፥ ስንቁን አስይዘን እንስደደው። የሄደበትን አገር እኛ ባናየውም መታሰቢያችን በዚያ ይገኛል።